አራሷን አታጣድፏት

(በደብረ ብርሃን ከተማ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! በዚህ ውርጭ ማልዳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከባሶና ወራናና ከአንጎለላና ጠራ ገጠር ድረስ መጥታችሁ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ስድስትና ሰባት ልጆች ወልደው ያሳደጉ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳትሉኝ አደራ። የመጣሁት እናንተ የምታውቁትን ላፈርስ ሳይሆን በማዋለጃ ክፍል ዓመታት ሳሳልፍ ያየሁትንና ሙያዬ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ ነው።

ዛሬ የምናገረው ልጅ ከተወለደ በኋላ በሆስፒታል ስለሚያልፉት የመጀመሪያ ቀናት ነው። ስለ እርግዝና ክትትል ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል፤ ምጥ ሲመጣ አምቡላንስ መጥራት እንደሚገባም አሁን የማያውቅ የለም። እናት ስትገላገል ግን እልል ይባላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። አልቋል ወይ? አላለቀም። እናቶቻችን «የአራስ መቃብር አርባ ቀን ክፍት ነው» ሲሉ የኖሩት በዓይናቸው ያዩትን ይዘው ነው።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሀገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በዚያው ጥናት፣ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ በጤና ባለሙያ የታዩት እናቶች ከመቶ 34 ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ተመልከቱልኝ። ከጨቅላዎቹ ሞት አብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ እናትን በደም መፍሰስ የምናጣውም በብዛት በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ችግር የወለደች እናት እንኳ ከነልጇ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ዛሬ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው፤ አራሷን አታጣድፏት። በመጀመሪያ ስለ እናቲቱ፣ ቀጥሎ ስለ ሕፃኑ፣ ከዚያም ስለ ቤተሰብና ስለ ጠያቂ እናገራለሁ።

ስለ እናቲቱ ልጀምር። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ እርሱ ተጣብቆበት የነበረው የማሕፀን ግድግዳ ክፍት ቁስል ነው። ደሙ የሚቆመው ማሕፀኑ ራሱን ጨምቆ ሲጠብቅና ሲጠጥር ነው። ልጁ እንደ ተወለደ ለእናቲቱ ኦክሲቶሲን የተባለውን መርፌ የምንወጋት፣ በየጊዜውም እየመጣን ሆዷን የምንዳስሳት ማሕፀኑ ጠንክሮ መቆየቱን ለማረጋገጥ ነው። «ገና ከመውለዷ ሆዷን ምን ያስነካኳታል?» ብለው የሚቆጡ አማቶች አጋጥመውኛል፤ አልፈርድባቸውም፣ ምክንያቱን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋል። እንዲያውም ባለሙያዋ ከዘገየች ጠርታችሁ አምጧት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከመንዝ፣ ከሞላሌ አካባቢ የመጣች አንዲት እናት አመሻሹ ላይ በሰላም ተገላገለች፤ ልጁም ደህና፣ እርሷም ደህና። ከቤተሰቡ ጋር የመጣ መኪና በር ላይ ቆሞ ነበርና ሹፌሩ ሌሊት በጣርማ በር ተራራ በኩል መንዳት አይቻልም፣ ጉሙ አያሳይም እያለ ያጣድፋቸው ነበር። ባሏ አንድ ጊዜ ወደ ሹፌሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ይመላለሳል። እርሷ ባና ተከናንባ ተኝታለች፤ ፊቷ ብቻ ይታያል፤ «ደህና ነኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ እንጂ» አለችኝ። እጄን ባናው ውስጥ ሰድጄ ከሥሯ ያለውን ጨርቅ ስነካው ሞቃትና ርጥብ ነበር። የመንዝ ባና ወፍራም ሱፍ ነው፤ ደሙን ጠጥቶ ጠጥቶ ከላይ ምንም አያሳይም። ሆዷን ስዳስሰው ማሕፀኗ ልል ሆኗል። ማሕፀኗን እያሸን፣ መድኃኒት እየሰጠን፣ ግሉኮስ ተክለን፣ ደም አስመጥተን ሌሊቱን ከእርሷ ጋር አደርን፤ በሦስተኛው ቀን በእግሯ ሄዳ መኪና ላይ ወጣች። ያ መኪና በሰዓቱ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ደሙ የሚታወቀው የት ላይ ነበር? ጣርማ በር ላይ ነበር፤ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ሐኪም በሌለበት።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ሞዴሳችሁ ወይም ጨርቃችሁ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፣ ዓይናችሁ ብዥ ካለ፣ ልባችሁ ያለ ልክ ከመታ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁ «ሰው አላስቸግርም» ብላችሁ ዝም አትበሉ። በሀገራችን ሴት ልጅ ሕመሟን ውጣ መቀመጥ እንደ ጨዋነት ይቆጠርላታል፤ አራስ አልጋ ላይ ግን ይህ ጨዋነት ይገድላል። ሽንትም አትያዙ፤ የሞላ ፊኛ ማሕፀኑ እንዳይጠብቅ ያደርገዋልና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ መሽናታችሁን ባለሙያዋ ትጠይቃችኋለች። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሦስት ቀን ትቆያለች፤ ከአልጋዋ ቀስ ብላ እንድትነሣና እንድትራመድ ስንነግራት ጭካኔ እንዳይመስላችሁ፤ እግሯ ላይ ደም እንዳይረጋ ነው።

ሌላው የደም ግፊት ነው። ከወሊድ በፊት ግፊት ያልነበራት እናት እንኳ ከወለደች በኋላ ሊነሣባት ይችላል። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚያስጨንቅ ሕመም ከተሰማት ምልክቱ እርሱ ነው፤ ዝም ከተባለ ያንቀጠቅጣታል፣ ራሷን ያስታታል። ይህን ጊዜ «ዓይን በልቷት ነው»፣ «ለክፏት ነው» ተብሎ ከሆስፒታል ሊያወጧት የተነሡ ቤተሰቦች አይቻለሁ። የሃይማኖት አባቶች እዚህ ስላላችሁ በፊታችሁ እናገራለሁ፤ ጸሎቱ ከአልጋዋ አጠገብ ይደረግ፣ ጸበሉም ይምጣላት፤ ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለውን፣ መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን መድኃኒት ግን ሳታገኝ ከዚያ አትነሣ። ይህን ቃል ከእናንተ አፍ ቢሰሙት ከእኔ ይልቅ ይቀበሉታል።

አሁን ወደ ሕፃኑ ልለፍ። የእኛ ሀገር ብርድ ለጨቅላ ጠላት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መሐል ሜዳና አንኮበርም እንደዚሁ ደጋ ናቸው። ሕፃኑ ከእናቱ ሆድ ሙቀት ወጥቶ፣ ርጥብ ገላ ይዞ ነው በዚህ አየር ላይ የሚወድቀው። የጨቅላ ትክክለኛ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ ሕፃኑ ጡት የመሳብ አቅሙ ይደክማል፣ ካልጠባ ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ወዲያው ጠራርገን አድርቀን፣ ራቁት ገላውን ከእናቱ ደረት ላይ አድርገን፣ ኮፍያ አጥልቀንለት ሁለቱን አንድ ላይ እንሸፍናቸዋለን። እግሩን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ እግሩ ከቀዘቀዘ ልጁ በርዶታል ማለት ነው።

አያቴ መንዝ ውስጥ ስታዋልድ የኖረች ሴት ነበረች። ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ላይ አስተኝታ ባና ትደርብባቸውና «የእናትን ገላ የሚያህል ምድጃ የለም» ትል ነበር። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የነበሩ ሐኪሞች ማሞቂያ መሣሪያ ሲያጥራቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን ቀንና ሌሊት ከእናታቸው ደረት ጋር ማቀፍ ጀመሩ፤ ዛሬ በእኛም ሆስፒታሎች ክብደታቸው አነስተኛ ለሆነ ሕፃናት የምናደርገው ይኸው የካንጋሮ እንክብካቤ ነው። አባትም በደረቱ ማቀፍ ይችላል፤ አያትም ትችላለች። አያቴ ያን ሁሉ አውቃ ሳለ አንድ ነገር ግን ነበረባት፤ ሕፃኑን ገና እንደ ተወለደ ታጥበው ነበር። ዛሬ ያንን እንዲተው እንመክራለን። ገላው ላይ ያለው ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ ቆዳውን ይጠብቅለታል። ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብ። ጠያቂ ሲመጣ ያሳፍረናል ብላችሁ በዚህ ብርድ አታጥቡት፣ እባካችሁ!

ቀጥሎ ጡት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። የመጀመሪያው ወተት፣ እንገር የምንለው፣ ወፍራምና ቢጫ ነው፤ መጠኑም ጥቂት ነው። አንዳንድ ሰው ላም ስትወልድ እንገሩን እየተሻማ ለልጁ የሰው እንገር ሲሆን «ሆድ ያማል» ብሎ ያስደፋል። ለምን? ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከለው ሁሉ የታጨቀው በዚያ ነው። የሕፃኑ ጨጓራ በመጀመሪያው ቀን የሚይዘው ከሻይ ማንኪያ ብዙም የማይበልጥ ነውና ጥቂቱ እንገር ለእርሱ ጥቂት አይደለም። ወተቱ በብዛት የሚወርደው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት «ወተት የላትም» ተብሎ ስኳር በውሃ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ለጋ ቅቤ ማዋጥ ከተጀመረ ሕፃኑ ጡቱን ይተዋል፣ ጡቱም ሳይጠባ ሲቀር ይደርቃል። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን።

የበኩር ልጄን የወለድኩት ራሴ በማልሠራበት ሆስፒታል ነበር። አዋላጅ ሆኜ ለስንቷ እናት አስተምሬ ሳለ ልጄ ሲጠባኝ ያመኝ ነበር፤ የጡቴ ጫፍ ሊቆስል ደርሶ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ነርስ መጡና ምንም ሳይናገሩ የልጁን ሆድ ወደ ሆዴ አዞሩት። ከዚያ የላይኛው ከንፈሩን በጡቴ ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርጉት አፉን በሰፊው ከፈተ፤ ያን ጊዜ ሳብ አድርገው አስጠጉት። አገጩ ጡቴን ነካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም «ቅ… ቅ…» የሚል የመዋጥ ድምፅ ተሰማ። ሕመሙ ጠፋ። «አየሽ ልጄ፣ ጫፉን ሳይሆን ጡቱን ነው የሚጎርሰው» አሉኝ። ይህን አንዱን ነገር ከሆስፒታል ሳትወጡ በሰው እጅ ተደግፋችሁ ልመዱት። ቀንና ሌሊት ከስምንት ጊዜ ያላነሰ አጥቡ፤ የሕፃኑ ክብደት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጥቂቱ ቢቀንስ አትደንግጡ፣ ከአሥር በመቶ ካላለፈ ያለ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ዓይነ ምድርም ጥቁርና እንደ ዝፍት የሚያጣብቅ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ግን ንገሩን።

ስለ ወፍ በሽታም ልናገር፤ ይህ በብዙ እናቶች የሚጠየቅ ነው። ብዙ ሕፃናት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ፊታቸው ቢጫ ይሆንና በራሱ ጊዜ ይለቃል። ገና 24 ሰዓት ሳይሞላው ቢጫ የሆነ፣ ወይም ቢጫነቱ እስከ መዳፉና እስከ ውስጥ እግሩ የወረደ ሕፃን ግን አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ አለዚያ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። በሰማያዊ ብርሃን ሥር አስተኝተን እናክመዋለን። ይህ ሕክምና የተገኘበት መንገድ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ ሀገር በሮችፎርድ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች አንዲት ነርስ ሕፃናቱን አየር ይንካቸው እያለች ወደ ግቢው ታወጣቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ገልጣ ለሐኪሞቹ ስታሳያቸው ገላው ሲነጣ በጨርቅ ተሸፍኖ የቆየው ክፍል ብቻ ቢጫ እንደ ሆነ ቀርቷል። ከዚያ ተነሥተው ብርሃን ቢጫነቱን እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ያችን ነርስ ዓይኗ ነው ያስተማራት፤ እኛም እናቶችን ልጃችሁን በቀን ብርሃን ገልጣችሁ እዩት የምንለው ለዚህ ነው። ሆኖም «ፀሐይ ይሻለዋል» ብላችሁ የታመመውን ልጅ ከሆስፒታል እንዳታወጡት፤ የደብረ ብርሃን የጠዋት ፀሐይ ከነውርጩ ነው፣ መጠኑም አይታወቅም።

ክትባቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ሳትወጡ በፊት የቲቢውን ክትባት በክንዱ፣ የፖሊዮውን ጠብታ በአፉ ያገኛል። ደም እንዳይፈሰው የቫይታሚን ኬ መርፌ፣ ዓይኑ እንዳይመረዝ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጠዋል። እትብቱ ላይ ባለሙያ ካዘዘው በስተቀር ምንም አይቀባ፤ ቅቤም፣ እበትም፣ አመድም። እንጥል ማስቆረጥም ፈጽሞ አይታሰብ።

በሦስተኛ ደረጃ ስለ እኛ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ጠያቂ ነው። የሰሜን ሸዋ ሰው አራስ ሳይጠይቅ አያድርም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ ይምጣ፤ አራስ በልታ ጠጥታ ነው የምታጠባው። ነገር ግን በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥር ሰው ቆሞ፣ አንዱ እየሳለ፣ ሌላው ሕፃኑን ከአፉ እየሳመ፣ ከገበያ የመጣ እጅ ሁሉ እየዳበሰው እንዴት ይሆናል? ጉንፋን የያዘው ሰው ከውጭ ሰላም ብሎ ይመለስ። የሚያቅፍ እጁን በሳሙና ይታጠብ። እናቲቱ በሰው ፊት ጡቷን ለማውጣት ታፍራለችና ጠያቂ በተደረደረ ቁጥር ልጁ ሳይጠባ ይውላል።

አባቶች፣ ወደ እናንተ ልዙር። እኔ በወለድኩ ጊዜ ባለቤቴን ከበር መልሰውት ነበር፤ «የሴት ጉዳይ ነው» ተብሎ ሌሊቱን ግቢ ውስጥ ቆሞ አደረ። ያ ነገር እስካሁን ያሳዝነኛል፤ እርሱ ባጠገቤ ቢሆን ኖሮ ውሃ ያቀብለኝ፣ ልጁን ያቅፍልኝ፣ ባለሙያ ይጠራልኝ ነበር። የሥራ ሕጉ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጥቶታል። እነዚያን ቀናት ለድግስ በግ ፍለጋ አታውሏቸው፤ አልጋዋ አጠገብ አውሏቸው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት ሆድ ብሷት ልታለቅስ ትችላለች። «ጤነኛ ልጅ ይዘሽ ምን ያስለቅስሻል?» አትበሏት። ብዙ እናቶች ይህ ያገኛቸዋል፤ አይዞሽ ሲሏትና ስታርፍ በጥቂት ቀናት ይለቃታል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ራሷን አለዚያም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

መውጫው ሲደርስ፣ ካርዳችሁን ተቀብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ልጄ ስንት ኪሎ ተወለደ? የደሜ ዓይነት ምንድን ነው? የእናቲቱ ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የምትወጋው መርፌ አለና ይህ ጥያቄ ለሚቀጥለው ልጅ ሕይወት ነው። የደም ማነስ እንዳይዛችሁ የአይረን ክኒኑን ተቀበሉ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ቀጠሮዎቹ በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ በሁለተኛው ሳምንት እና በስድስተኛው ሳምንት ናቸው። የስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ከወንድ ልጅ ክርስትና ከአርባ ቀኑ ጋር ስለሚገጣጠም ብዙ እናቶች በጠላና በእንጀራ ዝግጅት ተይዘው ይቀራሉ። አባቶች ካህናት፣ ክርስትና ሊያስነሡ ሲመጡ «ለመሆኑ ጤና ጣቢያ ሄደሻል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁልን ምን ያህል ባገዛችሁን! የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼም የወለዱትን ስም ከሆስፒታሉ ተቀብላችሁ፣ ቀጠሮ የቀረችዋን እናት ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ ብታዩዋት እላለሁ።

የእኔ ይኸው ነው፤ በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ነፍሰ ጡሮቹ ይቅደሙ፣ የወለዱት ይከተሉ፣ አባቶችም ዝም እንዳትሉ።